ካሌብ፣ ማስረሻ፣ ኒኪታ፦ የወንድ ስሞች ከየት መጡ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ወንድ ልጆች ስም የሚጠይቁ ናቸው። ቋንቋ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት የተማሪዎቼን የስም መጥሪያ ከመማሪያው መጽሐፍ ባልተናነሰ ትጋት ስመረምር ኖሬአለሁና ሁሉንም በደስታ አነበብኳቸው። ሰባቱን መርጬ መልሼአለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ካሌብ ብለነዋል። «ሙሉ ልብ» ማለት ነው ተብለን ነበር። በቅርቡ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በዕብራይስጥ ውሻ ማለት ነው» ብሎ አሳቀቀኝ። ባለቤቴ ስሙ ይቀየር እያለች ነው። እውነቱ የቱ ነው? (የአንድ ልጅ አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባልደረባህ ልክ ነው፤ ስሙን ግን አትቀይሩ።

ውሻ በዕብራይስጥ «ኬሌቭ» ይባላል። በዐረብኛ «ከልብ» ነው፤ በግእዝም እንዲሁ «ከልብ»። ካሌብ ከዚሁ ሥር የወጣ ስም መሆኑን ብዙ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ይቀበሉታል። «ሙሉ ልብ» የሚለውን ፍቺ ያመጡት ስሙን ለሁለት ከፍለው «ኮል ሌቭ»፣ ማለትም «ልብ ሁሉ»፣ ብለው ያነበቡ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ ደግሞ «ከልብ» ስንል የሰው ልብ ስለሚታሰበን ፍቺውን ሳንጠራጠር እንቀበለዋለን። በኦሪት ዘኍልቍ 14፥24 ካሌብ አምላኩን ፈጽሞ እንደ ተከተለ ተጽፏልና ፍቺው ለሰውየው ጠባይ ይስማማል። ስሙ ግን ከዚያ አልተወለደም።

ውሻ መባልን እንደ ስድብ ብቻ የምትሰማው በዛሬ ጆሮ ነው። በጥንቱ የቅርብ ምሥራቅ ዓለም በታላቅ ሰው ፊት የቆመ አገልጋይ ራሱን ውሻ ብሎ መጥራቱ የትሕትና ወግ ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት አዛሄል በነቢዩ ኤልሳዕ ፊት እንዲህ ብሎ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1935 በጥንታዊቷ ለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተው ነበር፤ ከተማይቱ በባቢሎናውያን እጅ ከመጥፋቷ ጥቂት ቀደም ብለው የተጻፉ ናቸው። በእነርሱም ላይ የበታቹ ሹም ለአለቃው ሲጽፍ ጌታው የሚያስታውሰው እርሱ ውሻ ባሪያው ማን ሆኖ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከዐረብ ታላላቅ ነገዶች አንዱ ከእስልምና በፊት ጀምሮ «በኑ ከልብ» ይባላል። በአየርላንድ አፈ ታሪክ ከጀግኖች ሁሉ የገነነው ኩ ኹለን «የኩላን ውሻ» ማለት ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሰማው ኮነር የተባለው ስም መነሻም «ውሻ ወዳድ» ተብሎ ይፈታል።

በ6ኛው መቶ ዓመት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዘመተው የአክሱም ንጉሥም ካሌብ ነበር። ይህን ለባለቤትህ ንገራት። ልጃችሁ አድጎ ሲጠይቃችሁ «ሙሉ ልብ ማለት ነው» ብላችሁ አትሸንግሉት፤ ለጌታው የታመነ ፍጡር ስም እንደ ተሰጠው ንገሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ የሌላ አገር ሴት አግብቷል። ወንድ ልጅ ሊወልዱ ነው። ዮሐንስ ቢባል በሁለቱም ወገን ይጠራል ይላሉ። ስሙ ከየት ወዴት እንደ ተጓዘ ቢያስረዱን? (አያት ለመሆን የተቃረብኩ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ከዚህ የበለጠ መንገደኛ ስም አላውቅም።

መነሻው የዕብራይስጡ ዮሐናን ነው፤ «ያህዌ ቸር ሆነ» ማለት ነው። ግሪኮች ሲቀበሉት በመሐሉ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ የሚጽፉበት ፊደል ስላልነበራቸው ጣሉት፤ በመጨረሻው ላይ ደግሞ በቋንቋቸው ለወንድ ስም የሚገባውን «ስ» ጨመሩበት፤ ኢዮአኔስ አሉት። አሁን የግእዙን ጽሕፈት ልብ ብለው ይመልከቱ። «ሐ»ዋ ከዕብራይስጡ ወገን ናት፤ «ስ» ደግሞ ከግሪኩ። ሁለቱም በአንድ ስም ውስጥ ተቀምጠዋል! እነ ማርቆስ፣ ጳውሎስ፣ ፊልጶስ የተሸከሙት የመጨረሻ «ስ»ም ያው የግሪኩ ነው፤ ያዕቆብና ይስሐቅ ግን እርሷን ሳይጨምሩ የጉሮሮ ድምፃቸውን እንደ ያዙ ደርሰውናል።

ከግሪክና ከላቲን ወዲህ ያለውን ጉዞ ልጅዎ በጉዞው ሁሉ ያገኘዋል። ሩሲያዊው ኢቫን፣ ጣሊያናዊው ጆቫኒ፣ ስፔናዊው ሁዋን፣ ፈረንሳዊው ዣን፣ አየርላንዳዊው ሾን፣ ፖላንዳዊው ያን፣ አርመናዊው ሆቫኔስ፣ ጀርመናዊው ሃንስ ሁሉም ዮሐንስ ናቸው። የዐረብ ክርስቲያኖች ዩሐና ይሉታል፤ በቁርኣን ግን ያሕያ ነው፤ በዐረብኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህ «ይኖራል» የሚል ድምፅ አለው። በግእዝ «ሕያው» እና «ሕይወት» የምንላቸው ቃላት የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን አንድ የሩቅ ዘመዱ ነው፤ ሮምን ያስጨነቀው የካርታጎው የጦር መሪ ሃኒባል። የካርታጎ ሰዎች ቋንቋቸው ከዕብራይስጥ ጋር በእጅጉ የተዛመደ ነበር። ስሙ «የበኣል ቸርነት» ማለት ነው። «ቸር ሆነ» የሚለው ሥር በዮሐንስም በሃኒባልም ውስጥ አንድ ነው፤ የተለያየው የተመሰገነው አምላክ ብቻ ነው። ወንድሙ ሃስድሩባል ደግሞ «በኣል ረዳ» ማለት ሲሆን ከእኛ ዕዝራና አልዓዛር ጋር አንድ ሥር ይጋራል። በነቢያት ዘመን የሁለቱ አምልኮ ተከታዮች የማይታረቁ ጠላቶች ነበሩ። ወላጆቹ ግን ልጅ ሲወለድላቸው በአንድ ቃል ነው ያመሰገኑት። ይህን ነገር ለምራትዎ ወላጆችም ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና የቀድሞው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ባራክ አንድ ስም ነው ያላቸው ይላል። እኔ እጠራጠራለሁ። ዳኛ ይሁኑን። (ተከራካሪዎቹ)

መልስ፦ የተጠራጠርከው ረትተሃል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳትም ቀላል ነው። የኦባማ ስም በመጨረሻው «ክ» ያለበት ነው፤ «ባረከ» ከምንለው ሥር ይወጣል፤ «ቡሩክ» ማለት ነው። ከዐረብኛ ተነሥቶ ከአባቱ የወረሰው ስም ሲሆን የግብፁ ሙባረክም ዘመድ ነው። የዕብራይስጡ ባሮክም እንዲሁ። በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ ባሮክ ስፒኖዛ በላቲን ሲጽፍ ስሙን ቤኔዲክቱስ ያለው ለዚህ ነው፤ ያም በላቲን «ቡሩክ» ነውና።

የኤሁድ ባራክ ስም ግን መጨረሻው «ቅ» ነው፤ «መብረቅ» ከምንለው ሥር። ሰውየው ይህን ስም ራሱ የመረጠው ነው፤ ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ብሮግ ነበር። በመጽሐፈ መሳፍንት ከዲቦራ ጋር የዘመተው ባርቅ ተብሎ የተጻፈልን በትክክለኛው «ቅ» ነው። የሃኒባል አባት የሃሚልካር ቅጽል ባርካም «መብረቅ» ተብሎ ይፈታል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሁለቱ ድምፆች ስለሚቀላቀሉ ጓደኛህ ቢሳሳት አይፈረድበትም። እኛ ግን ሁለቱንም ፊደል ይዘናልና ብንጠቀምበት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ስሜ ማስረሻ ነው። ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በሕፃንነቱ ሞቶ ስለ ነበር እናቴ እኔን ስትወልድ ይህን ስም አወጣችልኝ። ሰው ስሜን በጠራ ቁጥር ያላየሁትን ልጅ ለማስረሳት የተገዛሁ ዕቃ የሆንኩ ይመስለኛል። በሌላው ዓለም ሰው ልጁን እንዲህ ይሰይማል?

መልስ፦ አቶ ማስረሻ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አዎን፣ ይሰይማል። ስምዎ ቃል በቃል በዕብራይስጥ አለ፤ ምናሴ ነው። በዘፍጥረት 41፥51 ዮሴፍ በባዕድ አገር የበኵር ልጁን ሲሰይም እግዚአብሔር መከራውንና የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ያንብቡት። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው በፊቱ ሲቆሙ ዮሴፍ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። «አስረሳኝ» ብሎ የሰየመው ሰው አንዲት ነገር አልረሳም ነበር። የረሳ ሰው ልጁን እንዲህ ብሎ አይጠራም። እናትዎም ስምዎን በጠሩ ቁጥር የሚያስቡት ሁለታችሁንም እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ሐዘን ያወጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው። ሔዋን በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር ተተካልኝ ብላ ወንድ ልጇን «ሴት» ብላ ሰየመችው። ራሔል ነፍሷ ሊወጣ ሲል ልጇን ቤንኦኒ፣ «የሐዘኔ ልጅ»፣ አለችው፤ አባቱ ግን ስሙን ቀይሮ ብንያም፣ «የቀኝ እጅ ልጅ»፣ አለው። ምናሔም በዕብራይስጥ «አጽናኝ» ነው። በእኛ ዘንድ ምትኩና ካሳ አሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር። ከእነዚህ ስም ባለቤቶች አንዱም እንደ መተኪያ ዕቃ አልኖረም።

ሌላ ዓይነትም አለ፤ ሞትን ለማታለል ወይም ለመለመን የሚወጣ ስም። ልጆች የሚሞቱባቸው ቱርካውያን ዱርሱን፣ «ይቆይልን»፣ ወይም ያሻር፣ «ይኖራል»፣ ይላሉ። ሞንጎሎች ክፉ መንፈስ እንዳያየው ልጁን ኔርጉይ፣ «ስም የለሽ»፣ ወይም ኹንቢሽ፣ «ሰው አይደለም»፣ ብለው ይሰውሩታል። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ማሎሞ፣ «ዳግመኛ አትሂድ»፣ ብለው ይማጠኑታል። የሰርብ ቋንቋን ጽሕፈት ያደሰው ቩክ ካራጂች (1787–1864) ስሙ «ተኩላ» ማለት ነው፤ ከእርሱ በፊት የተወለዱት ሕፃናት ስለ ሞቱ፣ ጠንቋዮች ተኩላን አይደፍሩም ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁሉ ልጁን ይደብቃሉ ወይም ሞትን ይለማመጣሉ። እናትዎ ግን አልደበቁዎትም። ሐዘናቸውን በአደባባይ ተናግረው፣ መጽናናታቸው በእርስዎ እንደ ሆነ ለሰማ ሁሉ አስታወቁ። እኔ ይህን ስም የሚያስከብር ሆኖ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። በደብዳቤዎ ላይ የወንድምዎ ስም የለም። እናትዎ ወይም የሚያውቅ ዘመድ በሕይወት ካለ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስሜ ሮበርት ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በኢንተርኔት ላይ «ሮበርት ማለት በዝና የሚያበራ ማለት ነው፤ ሮበርቶች የተወለዱት ለመሪነት ነው፤ ዕድላቸውም ብሩህ ነው» የሚል አነበብኩ። ልመነው?

መልስ፦ ልጄ፣ የመጀመሪያውን እመን፤ የቀረውን ተወው። ስምህ ከጥንት ጀርመናውያን ቋንቋዎች የመጣ ነው፤ «ህሮድ» ዝና፣ «በርህት» ብሩህ። እነዚያ ሕዝቦች ስምን ከሁለት ቃላት ይገጥሙ ነበር። ሪቻርድ ከሥልጣንና ከብርታት፣ ዊሊያም ከፈቃድና ከራስ ቍር፣ ኤድዋርድ ከሀብትና ከጠባቂነት የተገጠሙ ናቸው። ሲገጣጠሙ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ሐሳብ ይሰጣሉ ማለት አይደለም። በ11ኛው መቶ ዓመት የዉስተር ጳጳስ የነበረው ዉልፍስታን አባቱ ኤቴልስታን፣ እናቱ ዉልፍጊፉ ይባሉ ነበር። ከእናቱ «ዉልፍ»ን፣ ከአባቱ «ስታን»ን ወስደው ሰየሙት። ሲተረጎም «ተኩላ-ድንጋይ» ነው! ወላጆቹ ስለ ተኩላም ስለ ድንጋይም አላሰቡም፤ በልጃቸው ስም ውስጥ ሁለቱም መግባት ፈለጉ እንጂ። ስለዚህ የስም ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁለቱን ቃላት አጣብቀው ትንቢት ሲያወጡ እበሳጫለሁ። በተለይም የሚያነቡት እንዳንተ ያሉ ወጣቶች ስለ ሆኑ።

ዕድልን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን የያዘው የዊሊያም የበኵር ልጅ ሮበርት ይባል ነበር። የእንግሊዝን ዘውድ ታናናሾቹ ተራ በተራ ወሰዱት፤ በ1106 በታንሽብሬ ጦርነት በገዛ ወንድሙ ተማረከ፤ በ1134 እስኪሞትም ድረስ እስረኛ ሆኖ ኖረ። ስሙ አላዳነውም፤ ለመማረኩም ስሙን ተጠያቂ ያደረገ የለም። መሪ መሆን ካማረህ ትምህርትህን በርትተህ ተማር።

ጥያቄ፦ መንታ ወንዶች አርግዤአለሁ። አባታቸው አንዱን ቶማስ እንበለው አለ። ለሌላው ምን ይስማማል? (ስድስተኛ ወር)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ። ባለቤትሽ ዐውቆ ይሁን ሳያውቅ ቁም ነገር ተናግሯል፤ ቶማስ በአራማይክ «መንታ» ማለት ነው። የዮሐንስ ወንጌል ራሱ በግሪክኛ ዲዲሞስ የሚባለው ቶማስ ብሎ ይተረጉመዋል፤ ያም «መንታ» ነው። ችግሩ ይህ ስም ለሁለቱም እኩል መገባቱ ነው፤ አንዱን ብቻ መንታ ብሎ መጥራት ለሌላው ይከብዳል።

ዮሩባዎች ይህን በሚገባ አስበውበታል። በቅድሚያ የተወለደው ታይዎ ይባላል፤ ዓለምን ቀድሞ የቀመሰ ማለት ነው። ሁለተኛው ኬሂንዴ ነው፤ ከኋላ የመጣ። ታላቅ ተብሎ የሚከበረው ግን ኬሂንዴ ነው፤ ታይዎን ዓለምን አይተህ ንገረኝ ብሎ የላከው እርሱ ነው ይላሉና። ሁለቱም የሚኮሩበት ነገር አላቸው። የጋና አካኖች ደግሞ መንታውን አታ ይሉታል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ሁሉ የተወለደበትን ዕለት ስም ይይዛል። ዐርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ፣ እሑድ የተወለደ ክዋሲ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አታ አናን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1938 ከእኅታቸው ጋር መንታ ሆነው ተወለዱ፤ ዕለቱ ዐርብ ነበር። ስማቸውን የሰማ አካን ዕለታቸውንም መንታነታቸውንም ያውቃል። የዕለት ስሞች በባርነት መርከቦችም ባሕር ተሻግረዋል። በአሜሪካ የታወቀው ጥቁር የመርከብ ባለቤት ፖል ካፊ (1759–1817) የቤተሰቡ ስም ያደረገው በባርነት ተወስዶ የነበረውን የአባቱን ስም፣ ኮፊን፣ ነው።

የእኔ ምክር፣ ቶማስን ለሁለተኛ ስምነት አቆዩትና ለሁለቱም ፍቺያቸው የተመጣጠነ ስም ፈልጉ። ለምሳሌ ናትናኤልና ማቴዎስ ሁለቱም የአምላክ ስጦታ ማለት ናቸው፤ ድምፃቸው ስለሚለያይም ከሩቅ ስትጠሪያቸው አይምታቱም።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ለእንግዶች የጥሪ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አንዱ ኒኪታ የሚባል ከሩሲያ፣ ሌላው አንድሬያ የሚባል ከጣሊያን ነው። ሁለቱንም «ወይዘሮ» ብዬ አዘጋጅቼ ነበር፤ አለቃዬ ግን አጣሪ አለኝ። (ጸሐፊዋ)

መልስ፦ አለቃሽ መልካም አድርገዋል። ኒኪታ ከግሪኩ ኒኬታስ የመጣ ነው፤ «ድል አድራጊ» ማለት ሲሆን በሩሲያ የወንድ ስም ነው፤ ኒኪታ ክሩሽቾቭን አስታውሺ። አንድሬያ በጣሊያን የእኛ እንድርያስ ነው፤ ሥሩ በግሪክኛ ወንድነትን የሚያመለክት ቃል ነው። የ16ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የሕንፃ ባለሙያ ፓላዲዮም አንድሬያ ነበር። በጀርመን ወይም በእንግሊዝ ግን አንድሬያ የምትባለው ሴት ናት፤ ስለዚህ ወደፊት ከስሙ ጋር አገሩንም ጠይቂ። ለእነዚህ ለሁለቱ «አቶ» ብለሽ ጻፊ።